የጳጳሱ ገበታ በኪሳችን

ትልቅ ሰው ባለበት ከተማ ሁሉ የትልቁን ሰው ጓዳ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ የጀርመን ከተማ በአይሽቴት ያ ሰው ጋሼ ዉኒባልድ ናቸው።

ዕድሜያቸውን የፈጁት የጳጳሱን የብር ዕቃ ሲወለውሉ ነው። እኛ ጋ ጳጳሱ ገዢም ስለሆኑ ገንዘቡን የሚያስመቱት እሳቸው ናቸው። የፈረንሳይ ጦር መጥቶ "ክፈሉ" ሲል ሳህኑንም ሹካውንም አስቀልጠው ታለር የሚባለውን የብር ገንዘብ አስመቱበት። ጋሼ ዉኒባልድም እጃቸው ሥራ ፈታ፤ ምላሳቸው ሥራ ያዘ።

ክሬሴንሲያ ቢራ ቤት መስኮቱ ሥር ቁጭ ይላሉ። ታለር ያወጣ ሰው አለቀለት። "እስቲ ወዲህ በል!" ይቀበሉና ወደ ብርሃን ያነሡታል፣ ያሸቱታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"ይሄ የዓሣው ሳህን ነው። ጠርዙ ላይ የወይን ቅጠል ነበረው።"

አንዱን ነጋዴ "የሰናፍጭ ማንኪያ ነው፣ በክብር ያዘው" ቢሉት ቆቡን አውልቆ ወጣ። ጫማ ሰሪው ግን "የእኔስ?" ብሎ "መትፊያው" ስላሉት ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈ።

አንድ የገበያ ቀን ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ እሳቸው የአንዱን ጠጪ ታለር ይዘው ሲያሸቱ፣ ክሬሴንሲያ ሂሳቧን ልትቀበል እጇን ዘርግታ ቆማ ቆማ ሰለቻት።

"ጋሼ፣ ሁሉም እኮ አንድ ላይ ነው የቀለጠው! ምኑ ከምኑ ይለያል?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ታለሩን ቀስ አድርገው አስቀመጡ፣ ኮታቸውን ለበሱና ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሳልስቱም።

"አይናገሩ፣ አይበሉ" አለቻት ጎረቤታቸው ለክሬሴንሲያ። "ግድግዳ ነው የሚያዩት። እንዲህ ከሆነማ ክረምቱን አይዘልቁም።"

ክሬሴንሲያ ቤቷ ምን እንደጎደለው ያኔ ገባት። ታለር ይመጣል፣ ታለር ይሄዳል፤ ገንዘብ ብቻ ሆኖ ቀረ። በነጋታው ጉሙ ከወንዙ ሳይነሣ በራቸውን አንኳኩታ ገባች።

"ጋሼ፣ ይቺን ታለር ለገብስ ሻጩ ልሰጣት ነው። ምን እንደነበረች ይንገሩኝ።"

"አንድ ላይ ነው የቀለጠው ብለሽ የለ?" አሉ ሳይዞሩ።

"ብያለሁ። እንግዲያው ሁሉም አለባታ! ገበታው በሞላ እዚህች ውስጥ ነው።"

 ጋሼ ፊታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን ብቻ ዘረጉላት። ታለሯን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሲያነሧት ጉሙ ውስጥ እንደ ጨረቃ ፈካች።

"ሻማው በርቷል" አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "እንግዶቹም ገብተዋል። አንቺ ልጅ፣ ምን ይገትርሻል? ተቀመጪ እንጂ፤ ሾርባው ሊቀርብ ነው።"

ክሬሴንሲያ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ገብስ ሻጩ እንደሆነ ይጠብቃል።