መኪና የጠፋበት እሁድ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ፈረንጆች ናቸው። ሳይክል ይዘው፣ መኪና ዝር የማይልበት ጠጠር መንገድ መርጠው፣ በአንድ ግድብ ዙሪያ ይነዳሉ። ሰው የለ፣ ቤት የለ፣ ሜዳው ጭር ብሏል። አንዷ ቆም ብላ ጸጥታው እንዴት ደስ እንደሚል ትናገራለች። እኔ ግን ያንን ባዶ መንገድ ሳይ መዳፌን አላበኝ። መኪኖቹ የት ሄደው ነው? አንድ ሰው እንኳ እንዴት አይጠይቅም?

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የሸዋ ሮቢት ሰው ነኝ። እኛ ጋ መኪና የሌለበት መንገድ የተገኘ ቀን ሰው ልጆቹን ይቆጥራል።

እንዴት መሰላችሁ። የደሴ አስፋልት ከተማችንን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ተሳቢው፣ አውቶቡሱ፣ ገልባጩ ቀን ከሌት ይጮሃል። እንግዳ ሰው እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ያማርራል። እኛ የምንነቃው ድምፁ ሲጠፋ ነው። አንድ ነገር ሲፈጠር መጀመሪያ የሚዘጋው መንገዱ ነዋ! ያንን የጦርነት ክፉ ጊዜ ያየ ሰው ሬዲዮ እስኪነግረው አይጠብቅም። ጆሮውን አስፋልቱ ላይ ጥሎ ነው የሚውለው። ማሽላ እያረመ ያዳምጣል፣ ጥርሱን እየፋቀ ያዳምጣል። እኔ ራሴ የስፌት ማሽኔን እግሬ እየረገጠ ጆሮዬ ውጭ ነው።

አዎ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ተሾመ እባላለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስኳር ያዘኝ። ሐኪሙ ካልተንቀሳቀስክ እግርህን ታጣለህ አለኝ። እንዲህ በፈገግታ እግርህን ታጣለህ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። በድንጋጤ ያገለገለ ሳይክል ገዛሁ። ከዚያስ? አስፋልቱ ላይ ልንዳው? ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፣ ተሳቢው ግን ጊዜ አይሰጥም።

መፍትሔውን ያመጡልኝ ጎረቤቴ ጋሼ ሰይድ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ስለሚያውቁት ነው መሰለኝ፣ በዚህ ዓለም ላይ እንደ እሳቸው መኪና የሚፈራ የለም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ለመስኖ የተሠራ አነስተኛ ግድብ አለ። ዙሪያውን ጠጠር መንገድ ይዞረዋል። ባጃጅ እንኳ አይደርስበትም። “ተሼ፣ እዚያ እንንዳ። ወላሂ ከግመል በቀር የሚገጭህ የለም” አሉኝ።

በየእሁዱ ጠዋት እንሄድ ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን ጠጠሩ ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል፣ ኮርቻው ደግሞ ባይነገር ይሻላል። ቢሆንም ወደድኩት። በአንድ በኩል ውሃው፣ በሌላ በኩል የማሾና የሽንኩርት ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ ግራር። አንድ ዙር ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የትም አይወስድም፣ ከተነሳህበት ይመልስሃል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

እና አንድ እሁድ ነው። አስፋልቱ ጋ ደረስን። ሌላ ጊዜ ለመሻገር ሳይክላችንን ይዘን፣ አንገታችንን ግራና ቀኝ እያዞርን፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ እንቆማለን። የዚያን ዕለት ሰተት ብለን ተሻገርን። እኔ ደስ አለኝ፣ ሞኝ ነኝ እኮ! ጋሼ ሰይድ ግን ከወዲያ ማዶ ወርደው ቆሙ። በደሴ በኩል ወደ ጎረቤት ከተማችን ወደ ጀውሃ አዩ። ሌላውንም አቅጣጫ አዩ። ምንም የለም።

“ተሼ፣ ይሄ ደግ አይደለም” አሉ።

“እሁድ ስለሆነ ነው ጋሼ።”

“ተሳቢ እሁድ አያውቅም።”

ቢሆንም ከመመለስ ወደፊት መሄድ ቀለለን። ግድቡ ዳር እትዬ ዘሀራ ሽንኩርት ታጠጣለች። ሁልጊዜ ሰላም ብለናት ነው የምናልፈው። የዚያን ቀን ግን ውሃውን ትታ ቀጥ ብላ ቆማለች።

“እናንተዬ፣ ከተማው ምን ሆነ? መኪናው ድምፁ የለም። መንገድ ተዘጋ ወይ?”

ጋሼ ሰይድ ውሸት አይወዱም። “ወላሂ ዘሀራ፣ እኛም አንድ መኪና አላየንም” አሉ።

ይህችን ብቻ ነው ያሉት። እኛ አለፍን። እትዬ ዘሀራ ግን መቆፈሪያዋን ጥላ ማሳ ለማሳ ተጣራች፦ “ኧረ መንገድ ተዘግቷል! ከከተማ እየሸሹ ነው! በሳይክል!”

ይሄን እኛ ያኔ አልሰማንም፤ በኋላ ነው የተነገረን። እኛ ያየነው ሌላ ነው። ኩርባውን ስንዞር ሰው ይሮጣል። አንዱ አህያውን ይጎትታል፣ አንዷ ልጇን አዝላ ጀሪካኗን ጥላለች፣ ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ግራሩ ይገባሉ። ወሬው ከእኛው አፍ እንደወጣ በምን እንወቅ? ምን አይተው ነው ብለን ፔዳሉን ረገጥን። እነሱ ዞር ሲሉ ሁለት ሰዎች እየጋለቡ ሲመጡ አዩ። ባሰባቸው። እነሱ ሲብስባቸው እኛም ባሰብን።

“ያ አላህ! ያ አላህ!” ይላሉ ጋሼ ሰይድ ከኋላዬ። እኔም የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ ጠርቼ ጨርሼ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ።

ያኔ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጋሼ ሰይድ ሳይክል ካቴና ወለቀ።

“ተሼ! ጠብቀኝ!”

ሰማሁ። አልሰማሁም ብል ማን ያምነኛል? በደንብ ሰማሁ። ዞሬም አየኋቸው። አንድ እጃቸው ካቴናው ላይ፣ አንድ እጃቸው ወደ እኔ ተዘርግቷል። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ስታመም መድኃኒቴን ከፋርማሲ የሚያመጡልኝ እሳቸው ናቸው።

ሄድኩ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ። ፍርሃት ያዘኝ ማለት አይበቃም። ጉልበቴ የእኔ አልነበረም፣ ይነዳል ብቻ። ከጀርባዬ አንድ ነገር የሚመጣ ይመስለኛል፤ ዞሬ ግን አላይም። መሪው ላይ ተደፍቼ የማየው ከጎማዬ ፊት ያለውን ጠጠር ብቻ ነው። ሐሳቤ ወደ ከተማው መታጠፊያ ደርሼ፣ ቤቴ ገብቼ በሩን መዝጋት ነበር። በዚያ ሁሉ መሀል ጆሮዬ ላይ “ጠብቀኝ” የሚለው ድምፅ አልጠፋም። እሱንም ልሸሸው ነው የባሰ የረገጥኩት።

መታጠፊያውን መቼ እንዳለፍኩት አላውቅም። ቀና ስል ከፊት ለፊቴ አንድ ሰው ካቴና ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እኔ ወደሄድኩበት አቅጣጫ ያያል። ጋሼ ሰይድ ናቸው። ግድቡን ዞሬው፣ ትቻቸው የሄድኩትን ሰውዬ ከጀርባቸው ደረስኩባቸው።

ፍሬን ያዝኩ። በጠጠሩ ድምፅ ዞሩ። ሲያዩኝ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

“አንተ ልጅ! ጥሎኝ ሄደ ብዬ አምቼህ ነበር፤ አላህ ይማረኝ! ዙሪያውን አጣርተህ መጣህልኝ?”

ተናገር አለኝ ልቤ። እውነቱን ተናገር። አፌን ከፈትኩ። እያለከለክኩ ስለነበር ቃል አልወጣም። ራሴን ግን ነቀነቅኩ። ወደ ላይና ወደ ታች። ለምን ወደ ግራና ቀኝ አላደረግኩትም? እስከዛሬ አላውቅም። አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። ከዚያ ወዲያ እውነት መናገር እንዴት ይቻላል?

ካቴናውን አብረን እየመለስን ሳለ ከአስፋልቱ በኩል የተሳቢ ጥሩምባ ተሰማ። ረጅም። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከግራሩ ውስጥ ሰው አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አለ። ለካ ሎቤድ የሚሉት ዝቅ ያለ ተሳቢ ቤት የሚያህል ማሽን ጭኖ ጠባቧን ድልድይ እስኪሻገር ትራፊኮች ከላይም ከታችም መኪና አስቁመው ነበር። እትዬ ዘሀራ በእኛ የተነሳ ውሃው ሽንኩርቷን እንዳጥለቀለቀው ስትነግረን፣ የሰደበችንን ስድብ እዚህ መጻፍ አልችልም።

ቀለል ብሎ ያለፈ ይመስላል አይደል? ለእኔ አላለፈም። ጋሼ ሰይድ ታሪኩን ከተማው ውስጥ አዳረሱት። መስጊድ በር ላይ ተወራ፣ መናኸሪያ ተወራ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሁሉ እጄን ይጨብጣል። ሚስቴ እንኳ፣ ሃያ ዓመት የምታውቀኝ ሴት፣ አንድ ቀን ሳህኔ ላይ ሥጋ እየጨመረች አንተ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር፤ ሥጋዬን ግን በላሁ።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ እንደ እኔ ፈሪ የሆነ ሰው ክብ መንገድ ይምረጥ። በክብ መንገድ የሸሸም ይመለሳል፤ ከኋላ ሲመጣ ማንም አይለየውም።

ችግሩ ባለፈው ሳምንት መጣ። ጋሼ ሰይድ ሳይክላቸውን ወልውለው፣ አዲስ ካቴና አስገብተው ሱቄ መጡ። ግድቡ ሰለቸኝ አሉ። በማሳው ውስጥ እስከ ጀውሃ የሚያደርስ ጠጠር መንገድ አግኝተዋል። ሰው አይበዛበትም፣ መኪና አይገባበትም፣ ቀጥ ያለ ነው። “ካንተ ጋር ከሆንኩ ምን እፈራለሁ?” አሉኝ።

ጉልበቴን አሞኛል አልኳቸው።