የጅብራው ልብስ

በእኛ በደባርቅ ሥራ ፈቶ የቆመ ሰው ሲታይ «ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ?» ይባላል። ይህን ስድብ ያወጣው ሰው ስሜን ተራራ ላይ አንዲት ሌሊት እንኳ ውጭ አላደረም፤ አድሮ ቢሆን ሥራ ፈቱ ማን እንደሆነ ይገባው ነበር። ጅብራ የሚባለው የተራራ ተክል እኮ ሜዳው በውርጭ ሲነጣ ቅጠሉን አጥፎ እምቡጡን ያቅፋል፤ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይዘረጋል። የደረቀ ቅጠሉንም አይጥልም፤ ግንዱ ላይ እንደ ጋቢ ደራርቦ ብርዱን ይመክትበታል። እኔና እናንተ ለዚህች ብልሃት ሰልባጅ ተራ ስንከራከር እንውላለን።

ቡይት ራስ አካባቢ ባለ አንድ ሎጅ ጸሐፊ ነኝ። ግቢያችን መሀል የሰው ቁመት ያህል ጅብራ ነበረን። ሽማግሌው አትክልተኛችን አያ ጥጋቡ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት። ጅብራ በዕድሜው የሚያብበው አንዴ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ያችን ቀን ስንት ዓመት ጠብቀዋታል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። ሁለት ጃኬት ደርቦ፣ ፊቱን በሻርፕ ጠምጥሞ፣ ከዓይኑና ከአፍንጫው በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም። እንግዶች ሊመጡ ነው ብሎ ግቢውን ሲዞር ጅብራው ጋ ደረሰና ያችኑ አፍንጫውን ሸበሸባት።

«ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ምንድን ነው? ግንዱ እስኪታይ ይጽዳ!»

«ልብሱ እኮ ነው፣ ጌታው» አሉ አያ ጥጋቡ። «ከገፈፍነው ኅዳርን አይዘልቅም።»

«የምን ልብስ ነው አባባ? ፕሮፌሽናል እንሁን እንጂ!»

አያ ጥጋቡ አሻፈረኝ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። ምን ላድርግ፣ የልጆች አባት ነኝ። በዚያው ከሰዓት ሙልጭ አድርጌ ላጨሁት። አለቃችንም አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጅብራው አምሮበት ነበር።

ከዚያ ውርጩ በላይ በላዩ ወረደበት። ቅጠሉ ጠወለገ፣ ግንዱ እንደ በሰበሰ ድንች ላላ። አያ ጥጋቡ አበባውን ሳያዩት ቀሩ።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠርጎ ተጠያቂው አትክልተኛው መሆኑን፣ ከሥራም መሰናበቱን አስታወቀ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ። አያ ጥጋቡ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ። «ታዝዤ የገፈፍኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸውማ ተከራክረዋል» ብል ይበቃ ነበር። የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ሳብኩና «በአትክልተኛው የክትትል ማነስ» ብዬ ጻፍኩ። ብርድ የምንችልበት ዘዴ ለየቅል ነው። አፈርኩ፤ ግን ጻፍኩ።

በማግሥቱ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሲወጡ በሩ ላይ ተገናኘን። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በሰደቡኝ!

«ከኩሽናው ጀርባ ሁለት ትንንሽ ጅብራዎች አሉ» አሉኝ ዝግ ብለው። «የደረቀ ቅጠላቸውን ገንጥል ቢሉህ እንዳትነካብኝ፣ አደራ።»

«እሺ» አልኳቸው። እሺ በማለት ማን ብሎኝ!