ዜና ሳህሉ ዘሆሳዕና፣ ሦስት ወርቅ ዓሦችን በሳሎናቸው እንዴት እንዳሰፈሩ

ታላቅ ሥራ መስማት የሚወድ ጆሮውን ያዘንብል። ዝንቱ ውእቱ ዜና ግብሩ ለሳህሉ፣ መስፍነ መጋዘን፣ ዐቃቤ ወንበር ወጠረጴዛ፣ ያለ ፊርማቸው አንዲት እስክሪብቶ ከመደርደሪያ የማትወርድ። ዘመኑም የመሥሪያ ቤታቸውን የመጋዘን ቁልፍ በተረከቡ በዘጠነኛው፣ የጀመሩት የግቢ አጥር ሳያልቅ በሰባተኛው፣ ሊጠግኑት የፈቱት ቴሌቪዥን ሳይገጠም በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ ዝናቡ ሆሳዕናን ከጫፍ እስከ ጫፍ ባጨቀየበት ሰሞን ነበር።

የዘመቻውም መነሻ ይህ ነው። ሳህሉ ለለቅሶ ዱራሜ ወርደው ሳለ በሚስታቸው ወንድም በዕንባቆም ሳሎን ውስጥ አኳሪየም፣ ያን የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ አዩ፤ በውስጡም ሁለት ወርቅ ዓሦች ሲመላለሱ አዩ፤ አይተውም የቀረበላቸውን ምሳ መጨረስ አቃታቸው። ከሐዘንተኛው ይልቅ እሳቸው አዝነው ተመለሱ። ቤታቸውም እንደ ገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ሳሎን መካከል ቆመው እንዲህ የሚል አዋጅ አወጁ፦ «ስሚ ገነቴ፣ ስሙ ጎረቤቶች፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዕንባቆም ሁለት ካለው እኔ ሦስት፤ የእሱ ጭራው ነጠላ ከሆነ የእኔ ድርብ፤ የእሱ መስታወት አንድ ክንድ ከሆነ የእኔ ሁለት ክንድ ይሆናል!»

ወይዘሮ ገነቴም የሚከትፉትን ሽንኩርት ሳያቋርጡ፣ ባላቸውን በልጃቸው ስም ጠርተው፣ የአጸፋ አዋጅ አወጁ፦ «የቤቴል አባት፣ አጥሩ ቆሟል፤ ቲቪው ካርቶን ውስጥ ነው። ይሁን፣ ይሄንንም ጀምር። ግን አንድ ዓሣ የሞተ ቀን መስታወቱ የጫጩት ቤት ይሆናል፤ አንተም እዚህ ቤት አዲስ ነገር መጀመርህ በዚያው አበቃ። ለመስቀል ዕንባቆም ይመጣል፤ ወንድሜን አታስቅብኝም፣ ነግሬሃለሁ።» ሳህሉም ይህን በሰሙ ጊዜ ደረታቸውን ነፉ።

ወእምዝ ለዘመቻው ተነሡ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፤ መስታወት ቆራጩ ከነሲልኮኑ፣ መቆሚያውን የሠራው አናጢ፣ መቆሚያው ዘሟል ያለው ሌላው አናጢ፣ ማንም ሳይጠራቸው የመጡ አራት ሽማግሌዎች ከነአለቃቸው ከጋሽ ጠና ጋር፣ በስተኋላም ከሥጋ ቤት ጀምሮ የተከተለ ባለቤት የሌለው ውሻ። መስታወቱ በበሩ አልገባ ባለ ጊዜ ሳህሉ መቃኑ ይነቀል ብለው አዘዙ፤ መቃኑም ተነቀለ፤ እስከ ዛሬም እንደ ተነቀለ ነው።

የዓሦቹም ሻጭ ከአዲስ አበባ በስልክ ሕግ አስነግሮ ነበር፦ «ውኃው ክሎሪኑ እስኪወጣለት ይሰንብት። ዓሣ ሳይገባ የውኃ ማጣሪያው፣ ፊልተሩ፣ ወር ያህል ይሥራ፤ ከገባ በኋላም ለደቂቃ አይጥፋ። ምግቡ በሁለት ጣት ቁንጥር፣ በቃ!» ከእነዚህ ሕግጋት ሳህሉ የፈጸሙት ፊተኛውን ብቻ ነው፤ እሱንም የፈጸሙት ሳያውቁት ነው፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከሮቶው የቀዱት ውኃ ሳምንት የከረመ ነበርና። ወር መጠበቅን የፈሪ ሥራ ነው ብለው ናቁት፤ በማግስቱም ዓሦቹ ይጫኑ ብለው ደወሉ።

ዓሦቹም በላስቲክ ከረጢት ሆነው በሾፌሩ በአሕመዲን ሚኒባስ መጡ፤ አንዱ ቀይ ቆብ የደፋ፣ አንዱ ሆዱ እንደ ብርቱካን የተነፋ፣ ሦስተኛው ጥቁር፣ ዓይኖቹ ወደ ውጭ የፈጠጡ። አሕመዲንም መናኸሪያው መካከል ቆሞ አወጀ፦ «ጋሽ ሳህሉ፣ በግ ይጫኑብኝ፣ ፍየል ይጫኑብኝ፣ ችግር የለም! ይሄ ጥቁሩ ግን ከቡታጅራ ጀምሮ እያፈጠጠ ሲገላምጠኝ፣ ወላሂ፣ ሒሳብ ያልከፈልኩት እኔ መሰልኩ!»

ሳህሉ ግን ወደ ቤት ገብተው ቁንጥሯን ምግብ በመዳፋቸው ባዩ ጊዜ አፈሩ። በሀዲያ ምድር ከሩቅ የመጣ እንግዳ በሁለት ጣት ተስተናግዶ ያውቃልን? ስለዚህም «ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ እንግዳ በሳህሉ ቤት ጦሙን አይውልም!» ብለው አወጁና አታካናውን፣ ያን በቅቤ የራሰ የቡላ ገንፎ፣ በማንኪያ እየዛቁ ወደ ውኃው ጨመሩ። እንግዳ ሊጠይቅ የሚመጣም ባዶ እጁን አይገባምና አንዱ የዳቦ ፍርፋሪ፣ አንዷ የተቀቀለ በቆሎ ጨመሩ፤ ጋሽ ጠናም ቆጮ እየበተኑ «ብሉ ልጆቼ፣ አትፈሩ፣ ቤታችሁ ነው!» ሲሉ መረቁ። ፊልተሩም ድምፁ የሳህሉን ንግግር ስለሚያውክ ጠያቂ በገባ ቁጥር ይጠፋ ነበር፤ ጠያቂውም አላቋረጠም።

በሦስተኛው ቀን ውኃው አሬራ መሰለ፤ በላዩም ቅቤ ተንሳፈፈ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። ሳህሉም እጃቸውን ዘርግተው «እነሆ፣ ያመሰግኑኛል!» አሉ። ጥቁሩ በጎኑ ሲጋደምም «ጠግቦ ነው» አሉ። ይሁን እንጂ በጆሯቸው የጫጩት ጫጫታ ተሰማቸው፤ ከዱራሜም የዕንባቆም ሳቅ የመጣ መሰላቸው። ያን ጊዜ ጀግናው በዕለተ ቅዳሜ፣ የወንበር ቆጠራ አለብኝ ብለው፣ ቁልፋቸውን እያንሿሹ ወደ መጋዘናቸው ሸሹ። ሠላሳ ሁለቱንም ወንበር ቆጠሩ፤ ደግመውም ቆጠሩ።

ወይዘሮ ገነቴም ለሻጩ ደወሉ፤ በዓሣ ዕውቀት ሳይሆን በትዕግሥት አዳመጡት። ቅቤውን ገፈፉ፣ ፍርፋሪውን ለቀሙ፣ የውኃውን እኩሌታ ቀድተው በሮቶ ውኃ ተኩ፣ ፊልተሩን አስነሡ፤ በየቀኑም እንዲሁ አደረጉ። ለጠያቂውም በደጅ ቆመው አወጁ፦ «ዓሦቹ ጦም ላይ ናቸው! ይዛችሁ የመጣችሁትን ለእኔ ስጡኝ፤ እኔ አልጦምም።» ጥቁሩ በሁለተኛው ቀን ተቃና፤ በአራተኛው ዋኘ።

መስቀልም በደረሰ ጊዜ ዕንባቆም መጣ፤ ሦስቱንም በደኅና አየ፤ ጎንበስ ብሎም ጭራቸውን መረመረ። ሳህሉም መዳፋቸውን በመስታወቱ ላይ አሳርፈው አወጁ፦ «ዕንባቆም፣ ዓሣ ማለት ዲሲፕሊን ነው! ዋናው እጅን መሰብሰብ ነው፤ እኔ በቁንጥር ነው ያሳደግኳቸው!» ወይዘሮ ገነቴም የምግቡን ቆርቆሮ ከመቀነታቸው ሥር አውጥተው የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «የቤቴል አባት፣ እጅህን አንሣ፤ መስታወቱ ቅባት ያዘ። ወንድሜ፣ ስለ ውኃው እኔን ጠይቀኝ። እሱ ማየት ብቻ ነው የተፈቀደለት።» ሳህሉም እጃቸውን አነሡ፤ ሶፋው ላይም ተቀመጡ።

ስለዚህ ትውልድ ሁሉ ሳህሉን ያወድስ! ክብር ለመስፍነ መጋዘን፣ ዓሦቹ ሲታመሙ በመሸሻቸው ሦስት ነፍስ ላዳኑ፤ ክብር ለዐቃቤ ወንበር፣ አንድ ጠብታ ሳይቀዱ ባሕር ለገዙ! ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሺንሺቾም እስከ አዲሎ ቢፈለግ፣ ምንም ባለመንካት ይህን ያህል መልካም ሥራ የሠራ ወንድ አልተገኘም።