ከማርስ እስከ አያ ፈንቴ አውድማ

ሰው የተዘጋ ነገር አይወድም። እርስዎም ቢሆኑ የታሸገ ስጦታ ሲሰጥዎት፣ ከመክፈትዎ በፊት በእጅዎ መዘን አድርገው ውስጡን እንደሚገምቱ አውቃለሁ። የጠፈር ተመራማሪዎችም ከዚህ የራቀ ነገር አልሠሩም። ማርስን ሄዶ መቆፈር ቢያቅታቸው መንኮራኩር ልከው ዙሪያዋን ያስዞራሉ። ከሥር ከበድ ያለ ዐለት ሲያጋጥማት መንኮራኩሯ ወደዚያ ትሳብና ትፈጥናለች፤ አልፋው ስትሄድ ቀስ ትላለች። ያቺን ቅንጣት ለውጥ ከሬዲዮ ምልክቷ ላይ እየለቀሙ፣ የፕላኔቷ ቅርፊት የት እንደሚሳሳ፣ እምብርቷ ምን ያህል እንደሚከብድ ይነግሩናል። ይህንን ንፋስ መውጫ ከተማ ለተማሪዎቼ ሳስተምር፣ ዘዴውን የፈጠርኩት እኔ ራሴ እስኪመስለኝ ድረስ ነው የምኮራው።

ባለፈው በጋ አጎቴ አያ ፈንቴ ገብስ ሲያበራዩ ላግዛቸው ገጠር ወጣሁ። ቡሬና ዳማ የተባሉት በሬዎቻቸው ገብሱን እየረገጡ አውድማውን ይዞራሉ፤ እርሳቸው ጅራፍ ይዘው ይከተላሉ። እኔ መንሼን ይዤ ዳር ቆሜያለሁ።

ቡሬ አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ሲገፉት ያልፋል፤ ዞሮ ሲመጣ እዚያው ቦታ እንደገና መሬቱን ያሸታል። አያ ፈንቴ «ሰነፍ!» እያሉ ጅራፉን ያጮሁበታል። እኔ ግን ማርስ ትዝ አለችኝ። የሚዞር ነገር፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አካሄዱ የሚለወጥ! ጆሮዬን ብጥል ደግሞ ኮቴው እዚያ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይጎላል። የድሮ ሰው እህሉን መሬት ቆፍሮ ያስቀምጥ ነበር፤ የጉድጓዱን አፍ ደፍኖ ለልጆቹ ሳይናገር የሞተም ስንት አለ።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ችግሩ ያቺ ቃል አውድማ ላይ አትነገርም። በእኛ አገር እህል በተዘረጋበት «ባዶ» ያለ ሰው በረከቱን አባረረ ማለት ነው።

«አያ፣ እዚያ ጋ መሬቱ... ጥጋብ የለውም መሰለኝ» አልኩ።

«አፍህን ሰብስብና መንሽህን ያዝ!»

አያ ፈንቴ ከእነዚህ በሬዎች ሌላ ጥማድ የላቸውም። ራሳቸውም ከበሬዎቹ ኋላ ናቸው። ቡሬ ወደዚያች ቦታ ሲቃረብ ገብሱ በትንሹ ሰርጎድ ሲል አየሁ። ጅራፉ ተነሣ።

«ባዶ ነው! ከሥሩ ባዶ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

አያ ፈንቴ በሬዎቹን ትተው ጅራፉን ይዘው ወደ እኔ መጡ። የሚነዳው ያጣው ቡሬ ጓደኛውን እየጎተተ ወደ ኋላ ሸሸ። ወዲያው መሬቱ ተናደ፤ ከገብሱም ብዙው ወደ ውስጥ ፈሰሰ።

አጎቴ ጉድጓዱን ብዙ አዩት። ከዚያ በሬዎቹን፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ምስጋና ጠበቅሁ።

«አየህ ያደረግኸውን?» አሉኝ። «ባዶ ባትል ኖሮ ምን ይከፍተው ነበር?»

ስለ ማርስ ላስረዳቸው ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር የእርሳቸው ማስረጃ ይጠነክራል፤ እኔ ተናገርኩ፣ መሬቱ ተከፈተ።

ዘንድሮ አዲስ አውድማ ሊለቀልቁ ሲነሡ ግን ሰው ላኩብኝ።

«ዙሪያውን ሂድበት» አሉኝ። «ቃል እንዳይወጣህ! ቦታው ካልጣመህ እህ ብለህ ሳል።»

ዞርኩ፤ ሳልኩ። ሌላ ቦታ መረጡ፤ እዚያም ሳልኩ። አውድማው እየሸሸ እየሸሸ ጎረቤት ድንበር ላይ ደረሰ። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ እንደነበር እንዳልነግራቸው ደግሞ፣ መናገር ተከልክያለሁ።