ደሴቷን ያዳነች ልጅ

ለሩቅ ደሴት የሚያስብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ ሰፈር ውስጥ አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ሐያት ትባላለች፤ የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ አንዲት ትንሽ ደሴት አገር የንግድ ፖሊሲ ነው። አገሪቱ አየሯንና ባሕሯን ለመጠበቅ አሮጌ የናፍጣ መኪና ማስገባት ማቆም አለባት ትላለች። አባቷ ጋሽ ሰይድ ደግሞ የሚተዳደሩት ኦስሎ የተጸየፈቻቸውን የናፍጣ መኪኖች እየገዙ ለዚያችው ደሴት በመላክ ነው።

አንድ ጭጋጋማ እሑድ እነሱ ቤት ጽሑፏን ስታነብልን ደሴቷ ሳሎኑ ውስጥ የተንሳፈፈች መሰለኝ። የባሕር ኤሊዎች ምንጣፉን ቀስ ብለው ሲያቋርጡ አየሁ፤ እግሬንም ሰበሰብኩላቸው።

«ጥሩ ጽፈሻል ልጄ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ግን መኪኖቼ የት ይሂዱ? እንጀራችን እኮ ናቸው።»

ሐያት ዓይኗ ገና ከደሴቷ አልተመለሰም ነበር።

«ምን ያስጨንቅሃል አባ?» አለች በእርጋታ። «አዲስ አበባ ላካቸዋ።»