መንታ ወንድሜን በሰባት ዓመት በለጥሁት

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ረፋዱ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሰው የሚያረጀው በጊዜ ይመስለኝ ነበር። ለካስ በኮሚቴ ነው። እናንተም የልደት ወረቀት ከሌላችሁ ከአሁኑ ፊታችሁን ጠብቁ።

እኔና ታደለ መንታ ነን። የተወለድነው ጽጽቃ ነው፤ ቀድሜው የወጣሁት እናታችን ትንፋሽ እስክትሰበስብ ያህል ብቻ ነው። አብረን ተማርን፣ አብረን ሰቆጣ መምህር ሆንን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ስላጠናሁ፣ በአንድ ምጥ የተወለዱ ሰዎች እኩያ መሆናቸውን በሳይንስም አውቃለሁ። ምን ጠቀመህ አትበሉኝ።

ታደለ የግራ ዓይኑ ቆብ ወርዶ ማንበብ ቢያስቸግረው፣ አረብ አገር አንድ የፊት ሐኪም ዘንድ በጽዳት የምትሠራው ልጁ ወሰደችው። ለአንድ ቆብ የሄደው ሰውዬ ሙሉ ፊቱን አስወጥሮ መጣ። ሐኪሙ የልጅቱን ትጋት ወዶላት ኖሮ ጉንጩንም አልማረውም፤ ከጆሮው ሥር በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ፣ የላላውን ቆዳ በክር ወደ ላይ ሳበው አሉ። ጠባሳ የለ፣ ፋሻ የለ። ቅዳሜ ገበያ አብረን ስንወጣ አንዲት ማር ሻጭ «አባቱ ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሞኝ።

ከዚያ የጡረታ ማጣሪያ መጣ። አገር ሲታመስ ማኅደራችን ጠፍቶ ስለነበር፣ በዚያ በተረገመ ረፋድ ሦስት ሰዎች ፊታችንን እያዩ ዕድሜ ሊገምቱ ተቀመጡ። እንደ በሬ ጥርሳችንን መቁጠር ብቻ ነው የቀራቸው። ሰብሳቢው እኔን «እርስዎ እዚህ ይቀመጡ»፣ ታደለን «አንተ እዚያ ሁን» ሲሉ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ። መንታ ነን አልኋቸው። ከሦስቱ አንዱ፣ ሽማግሌው፣ አተኩረው አዩን።

«ወንድማማችነታችሁስ ያስታውቃል» አሉኝ። «ይህን ልጅ አዝለው ሳያሳድጉት አልቀሩም።»

በሰባት ዓመት አስበለጡኝ። እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ታደለ ቀረ፣ የእኔንም ክፍል ደርቦ ያስተምራል።

እናታችን የለችም፤ ያጠመቁን ቄስም አርፈዋል። የቀረኝ ምስክር ታደለ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮሚቴው ፊት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስንወጣ መንገድ ላይ ያዝሁት።

«ብናገር እኔም እወጣለሁ» አለኝ። «ሁለታችን ከምንወጣ አንዳችን ብንቀር አይሻልም?»

ነገሩ ልክ ነው። ግራ ያጋባኝም ልክ መሆኑ ነው። ልቆጣው ብዬ ያን ለስላሳ ፊት ሳየው ቃሌ ይሟሟል፤ ልጅ ምን ያውቃል ብዬ እተወዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ደፈረሰ። አሁንማ ጠዋት ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ፣ ምናልባት ኮሚቴው ልክ ይሆን እንዴ እላለሁ።

ታደለ፣ ሰኞ ይግባኜ ይሰማል። የምታጣውን አውቃለሁ። ቢሆንም እዚያው ሰው ፊት ቆመህ መልስልኝ፤ ያን ቀን ከእናታችን ማኅፀን እኔን ተከትሎ የወጣው ማን ነው?