ከዲሮ የሽማግሎችን ጫማ ለሁለት የከፈለበት ዘመቻ

ይህ ገድል የተፈጸመው የኋላ ወንበር ሥዩም፣ መንክረ አሰላ ከዲሮ፣ ዐሥረኛ ክፍልን በያዘ በሁለተኛው ዓመተ መንግሥቱ፣ ይኸውም በ፲፱፻፶፩ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ግንቦት፣ የጭላሎ ደመና በከተማው ላይ ተቀምጦ አልነሣም ባለበት ሰሞን ነው።

በዚያን ዘመን የሥነ ሕይወት አለቃ የነበሩት፣ ጢማቸው በጠመኔ የነጣ መምህር ወልደአማኑኤል፣ በክፍሉ ፊት ቆመው ዐዋጅ ነገሩ፦ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ሴል እንዴት እንደሚከፈል፣ ማይቶሲስን ከሚዮሲስ ለይቶ ሰኞ ሰሌዳ ፊት ያላስረዳኝ የዓመቱን ፈተና አይቀመጥም። በተለይ አንተ ከዲሮ!»

እናቱ ወይዘሮ ዙቤዳም ይህን በሰሙ ጊዜ የራሳቸውን ዐዋጅ አከሉበት፦ «ወላሂ፣ ዘንድሮም ከወደቅክ አቦምሳ አጎትህ ዘንድ ሄደህ እህል ትጭናለህ። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ምን ጠፍቶብህ ነው የምትፈልገው!»

ከዲሮም የእህል ብናኝ የሚያስነጥሰው፣ ቀኑን በሕልም የሚያሳልፍ ጌታ ነበረና እጅግ ተከዘ። ማይቶሲስና ሚዮሲስ ግን በራሱ ውስጥ እንደ መንታ ልጆች ሆነው፣ አንዱን ሲጠራ ሌላው አቤት ይለው ነበር።

ወእምዝ እሑድ ዕለት፣ እኅቱን ዘይቱናን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሎች መጡ፤ መምህር ወልደአማኑኤልም ከወንዱ ወገን አንዱ ሽማግሌ ነበሩ። እንደ ቤቱ ወግ ሁሉም ጫማቸውን በረንዳ ላይ አውልቀው ገቡ። ከመምህሩ ዐይን ሸሽቶ ወደ በረንዳው የወጣው ጀግና ያንን የጫማ ሠራዊት ባየ ጊዜ ልቡ በራ፤ መጽሐፉ ላይ እንደ ተሳሉት ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተሰልፎ ነበርና። ሠራዊቱም ይህ ነው፦ የነጋዴው የአቶ ሀሰኖ ቡትስ፣ የአርቦዬን መንገድ ጭቃ እንደ ካባ የደረበ፤ የአባ ጉቱ በረባሶ፣ ከመኪና ጎማ የተወለደ፣ አቀበት የማያስደነግጠው፤ የመምህሩም የቆዳ ጫማ፣ የአንዱ ክር ጥቁር፣ የአንዱ ቡናማ።

ኃያሉም ሚዮሲስን በክንዱ ሊያሸንፍ ተነሣ። ጥንዶች ሳይለያዩ ቁራጭ ይለዋወጣሉ ተብሎ ተጽፏልና የመምህሩን ክሮች አለዋወጠ፤ ከዚያም ከየጥንዱ አንዱን ወደ ምሥራቅ፣ አንዱን ወደ ምዕራብ ሰደደ፤ ግራ ሁሉ በአንድ ወገን እንዳይከማችም አደባለቀ። አሁን ሁለተኛው ክፍፍል ቀረው፤ ነገር ግን ጫማ እንደ ክሮሞሶም ቅጂ አያበጅምና የሚለያየው ነገር አጣ። ስለዚህ ሶሉን ከቆዳው ሊያላቅቅ ቢላዋ አምጥቶ፣ የመምህሩን ጫማ በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ሳለ፣ ሽማግሎቹ ለመልሱ ቀጠሮ ይዘው ወጡ።

አባ ጉቱ አንድ እግራቸውን ተጫምተው፣ ሌላውን አንሥተው እንደ ሽመላ እንደ ቆሙ ዐዋጅ ነገሩ፦ «አቦ ምንድን ነው ጉዱ! ልጅቷን አንሰጥም ካላችሁ በአፍ አይነገረንም? በጫማ ነው እንዴ የምታባርሩን?»

መምህሩም አወጁ፦ «ከዲሮ፣ ቢላዋውን አስቀምጥ! ሰኞን አልጠብቅም። ምን እያደረግህ እንደ ነበር በሁሉም ፊት አስረዳ፤ ካልቻልክ ፈተናውን እርሳው።»

ያን ጊዜ ኃያሉ ላብ እያጠመቀው ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «ይህ ሚዮሲስ ነው፣ ጋሼ! ሴሉ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ አራት ሴሎች ይወጣሉ፤ የክሮሞሶማቸው ቁጥር ግማሽ ነው፣ አንዱም ካንዱ አይመሳሰልም። የዘር ሴል ነውና ሌላውን ግማሽ ከትዳር ይጠብቃል። ማይቶሲስ ቢሆን አንዴ ብቻ ተከፍሎ፣ በዚህም በዚያም ያው ሙሉው ጥንድ ይገኝ ነበር፤ ቁስል የሚሽረው፣ ልጅም የሚያድገው በዚያ ነው። በሁለቱም ግን ክሮሞሶሙ አስቀድሞ ቅጂ ያበጃል። እኔ እሱን ዘልዬ... ለካ ቢላዋ ያሰኘኝ እሱ ነው!»

አባ ጉቱም ፈረዱ፦ «እንግዲያው አንዱን ጫማ ሁለት የሚያደርገውን ይማር! ሁለቱን አንድ የሚያደርገውን ይተወው!»

መምህሩ ሳቃቸውን እየዋጡ የመጨረሻውን ዐዋጅ ነገሩ፦ «ለፈተና ይቀመጥ። የጫማዬን ክር ግን አሁኑኑ ይመልስ!»

ከሽማግሎቹ ኋላ የወጡት ወይዘሮ ዙቤዳም እልልታቸውን አቀለጡት። በአሰላ ምድር ሴልን በጫማ የፈታ፣ በአንድ ከሰዓት መምህሩን በግማሽ ያጫማ፣ እንደ ከዲሮ ያለ ኃያል ከርሱ በፊት አልተነሣም፤ ከርሱም በኋላ ጫማውን ያለ ጠባቂ በረንዳ ላይ የተወ ሽማግሌ አልተገኘም።